ከአንሶላው ወዲያ ሽማግሌ፣ ከአንሶላው ወዲህ ፈተና

የሥራ ፈተና ላይ ተቀምጣችሁ ሳለ አራት ሽማግሌዎች ከጀርባችሁ ቆመው «አሚን» ብለውላችሁ ያውቃሉ? ለእኔ ብለውልኛል። የምጠየቀው ስለ ሃይማኖት ቢሆን ደግ ነበር፤ ጥያቄው ግን ስለ ፓይተን ነበር፣ ኮምፒዩተርን ስለምናዝበት ቋንቋ። ታሪኩን ደሴም ኮምቦልቻም እየጨማመሩ ያወሩታልና እኔ እንደሆነው ልንገራችሁ።

ስሜ ሀያት ነው። ያን ጊዜ ደሴ ሸዋ በር ከወላጆቼ ጋር ነበር የምኖረው። በኮምፒዩተር ሳይንስ ተመርቄ፣ ሥራ ፍለጋ ስዞር የጫማዬ ሶል አልቆ፣ መጨረሻ ላይ በሰፈሩ «ኢንጅነሯ» እየተባልኩ የሰው ስልክ የማስተካክል ሆኜ ቀረሁ። ስልኩ የተቆለፈበት፣ ቴሌቪዥኑ የደበዘዘበት፣ አንድ ጊዜማ የወፍጮ ሞተሩ አልነሳ ያለው ሰው ሳይቀር በራችንን አንኳኩቷል። ክፍያው ምርቃት ነው። ምርቃት ሥራ የሚያስቀጥር ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ሚኒስትር ነበርኩ።

አባዬ ይማም ልብስ ሰፊ ነው። ሜትሩ ከአንገቱ የሚወርደው ለሰላትና ለእንቅልፍ ብቻ ነው። ታላቅ እህቴን ከድጃን ትምህርቷን ሳትጨርስ ለቢስቲማ ሰው ዳራት። ባሏ ክፉ አይደለም፤ ግን ከድጃ ለራሷ አንድ ጫማ ለመግዛት እንኳ ማስፈቀድ አለባት። ሒሳብ የምትችለው ደግሞ እሷ ነበረች፣ እኔ አይደለሁም። እሷ ደውላ ስልኩን በዘጋች ቁጥር አባዬ ማሽኑ ላይ እጁን አሳርፎ የጀመረውን ስፌት ሳይቀጥል ይቆያል። በዚህ የተነሳ ስለ እኔ ማለ፤ «ሀያት የራሷን ሥራ ሳትይዝ ለማንም አልሰጥም፤ የፈለገ ቢመጣ» አለ። የመጡትን ሽማግሌዎች ሁሉ በዚች ቃል ሸኛቸው። እኔም አልከፋኝም፣ የመጡልኝን ሰዎች ብታዩአቸው እናንተም አይከፋችሁም።

ኑረዲን እስኪመጣ ድረስ ማለት ነው። ኑረዲን የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል። እወደዋለሁ። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ «ይቺ ልጅ ተገዳ ይሆን?» እያላችሁ እንዳትጨነቁ ነው።

እዚያው ኮምቦልቻ አንዲት ትንሽ ድርጅት ተከፈተች። ከማሽን እየተሸመነ የሚወጣውን ጨርቅ በካሜራ እያየ እንከን የሚለቅም ፕሮግራም ትሠራለች። አመለከትኩ፤ ለፈተና ተጠራሁ። እኔና ኑረዲን ዕቅድ አወጣን። ጠዋት ኮምቦልቻ ወርጄ እፈተናለሁ፤ ካለፍኩ ለአባዬ እደውላለሁ፤ እሱ ገና ደስታውን ሳይጨርስ የኑረዲን ሽማግሌዎች በሩን ያንኳኳሉ። ዕቅዱ የእሱ ነው፣ ማሳመሩ የእኔ።

ዕቅዱን ያፈረሱት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ፣ ሐረጎ ላይ የተገለበጠ የጭነት መኪና ነው። ሹፌሩ አልተጎዳም አልሃምዱሊላህ፤ መንገዱ ግን ተዘጋና ከመናኸሪያ ተመለስኩ። ወደ ድርጅቱ ደወልኩ። ያነሳችው ፈታኟ ራሷ ናት፣ ሰብለ ትባላለች።

«እርስዎ ከፈቀዱልኝ ነገ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አንቺ በይኝ፣ እርስዎ ያስረጀኛል። ነገ አልችልም። ኢንተርኔት አለሽ? በቪዲዮ ትፈተኛለሽ።»

ሁለተኛው ሸህ እንድሪስ ናቸው፣ የኑረዲን ሽማግሌዎች ትልቅ። «ሽማግሌ በማለዳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚሄድ ዕዳ ጠያቂ ነው» ብለው ሌሎቹን ከሱብሂ ሰላት በኋላ መኪና ላይ አሳፍረዋቸዋል። ሐረጎን ያለፉት መኪናው ከመገልበጡ በፊት ነው። እኔ መውረድ ሲያቅተኝ እነሱ ወጥተው ኖሯል፤ መመለሻም የላቸው።

ቤታችን ውስጥ ኔትወርክ ያለው ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ብቻ ነው። መኝታ ቤት ከገባችሁ ስልካችሁ ድንጋይ ነው። ላፕቶፔን መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ከስልኬ ጋር ሳገናኝ በሩ ተንኳኳ፤ እማዬ በመጋረጃ አጮልቃ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ።

«ሽማግሌ ነው» አለች። «በይ ግቢ ወደ ጓዳ።»

«ጓዳ ኔትወርክ የለም።»

የምትጠየቅ ልጅ በሽማግሌ ፊት አትታይም። ፈተና ያለባት ልጅ ደግሞ ኔትወርክ ትታ አትሄድም። እማዬ ሁለቱንም አንድ ላይ ፈታቻቸው። አበባ ያለበትን የአልጋ አንሶላ ከመስኮቱ ብረት እስከ ቁም ሳጥኑ ጫፍ ወጠረችና እኔን፣ ጠረጴዛውንና ኔትወርኩን ከወዲህ አስቀረችን። ከዚያ በሩን ከፈተች።

«አሰላሙ አለይኩም» ሲሉ ሰማሁ።

«ወአለይኩሙ ሰላም። መርሃባ፣ መርሃባ። በኸይር ነው?» አለ አባዬ።

«በኸይር ነው። ሀጃ ይዘን ነው፣ ጉዳይ አለን» አሉ ሸህ እንድሪስ።

እዚህ ላይ አንድ ወግ ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚጠይቅ። የልጅቱ አባት «ተቀመጡ» ካለ ሰጥቻለሁ ማለት ነው። ሲቀመጡ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይመረቃል። ካላለ ቆመው ይቆዩና ወደመጡበት ይመለሳሉ። አባዬ ስለዚህ ያቺን ቃል እንደ ጋለ ካውያ ይሸሻት ነበር። ወንበርን እንኳ «ይሄ ነገር» ሲል ሰምቼዋለሁ። እንግዶች ቆመው እሱ መቀመጥ ነውር ስለሆነም እሱም ቆሟል።

«ሀጃችሁ ገብቶኛል» አለ አባዬ። «የእኔም ቃል ይገባችኋል። ሥራ ሳትይዝ አልሰጥም።»

«ሰምተናል፤ ለዚያም ነው በፈተናዋ ቀን የመጣን» አሉ ጋሽ አራጋው። ጋሽ አራጋው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ወሎ ነውና ለእስላም ልጅ ጋብቻ ክርስቲያን ጎረቤት ሽማግሌ ሆኖ ሲመጣ ማንም አይገረምም። «ፈተናው መች ነው የሚያልቅ?»

«ገና ሊጀመር ነው።»

«የት?»

አባዬ በእጁ ሳያመለክት አልቀረም፤ በበሩ ብርሃን የአራቱም ጥላ አንሶላው ላይ ወደ እኔ ሲዞር አየሁ።

«እንግዲያማ እንጠብቃለን» አሉ ሸህ እንድሪስ። «ቆመን።»

ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ሰብለ ብቅ አለች፤ መነጽር ያደረገች፣ ወጣት፣ ፊቷ የሚያስፈራም የሚያስቅም ያልሆነ። «ሀያት፣ ይሰማል? ከኋላሽ ሰው አለ?»

«የለም» አልኩ። «አንሶላ ነው።» ውሸት አይደለም፤ ከኋላዬ ያለው አንሶላ ነው፣ ሰው ያለው ከአንሶላው ኋላ ነው።

ጥያቄው ይህ ነበር። ካሜራው የሚልከው ፎቶ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ የቁጥር ድርድር ይሆናል፤ እኛ አሬይ እንለዋለን። አንዱን ፎቶ እንደ አንድ ገጽ አስቡት፤ ቁመት አለው፣ ስፋት አለው፣ ሁለት አቅጣጫ። ፎቶዎች ሲደራረቡ መጽሐፍ ይሆናሉና «ስንተኛው ገጽ?» የሚል ሦስተኛ አቅጣጫ ከፊት ይጨመራል። መጽሐፎች መደርደሪያ ላይ ሲሰለፉ ደግሞ ሌላ ከፊት። አዲሱ ሁልጊዜ በፊት በኩል ነው የሚገባው፣ ስፋቱ መጨረሻ ላይ ይቀራል። «እንግዲህ» አለች ሰብለ፣ «የጨርቅ እንከን የሚበዛው ጠርዙ ላይ ነው። የሚመጣልሽ ገጽ ይሁን መጽሐፍ ይሁን መደርደሪያ አታውቂም። የእያንዳንዱን ገጽ የቀኝ ጠርዝ ቆርጦ የሚያወጣ አንድ ኮድ ጻፊልኝ።»

ቀላል መሰለኝ። ቁመቱን ሙሉ ተወው፣ ከሁለተኛው አቅጣጫ የመጨረሻዎቹን ሃምሳ ነጥቦች ቁረጥ ብዬ ጻፍኩ። በገጽ ሞከረችው፣ ሠራ። መጽሐፍ ሰጠችው፤ የገጾቹን የታችኛውን ጠርዝ ቆርጦ አመጣ። ለካ በመጽሐፍ ሁለተኛው አቅጣጫ ቁመት ነው። አፍሬ አስተካከልኩ። ገጽ ከሆነ እንዲህ፣ መጽሐፍ ከሆነ እንዲያ፣ መደርደሪያ ከሆነ እንዲህ ብዬ በየተራ ጻፍኩለት። ሰብለ መደርደሪያ የሞላበት ክፍል ላከችና ኮዴ ወደቀ።

«ነገ ደግሞ ክፍል የሞላበት ሕንፃ ይመጣል» አለች። «ለእያንዳንዱ አዲስ ‹ከሆነ› ልትጽፊ ነው? ስንት አቅጣጫ እንዳለው ሳታውቂ እንዴት ትቆርጪዋለሽ?»

ከአንሶላው ወዲያ ሹክሹክታ ተነሳ።

«ምን አለቻት?» አሉ ጋሽ አራጋው።

«እንዴት ትቆርጪዋለሽ ነው የምትላት» አለች እማዬ።

«ስፌት ነው እንዴ ፈተናው? ታዲያ ይማም ቆሞ ያያታል? እግዛት እንጂ፣ አባት አይደለህ?»

«ዝም በሉ ጋሽ አራጋው» አለ አባዬ። «የቁጥር ጨርቅ ነው። እኔ ለሱ ሜትር የለኝም።»

ጣቴ ቆመ። መልሱን የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ፣ ተምሬዋለሁ፣ ግን ልክ የሰው ስም ከምላስ ጫፍ ላይ እንደሚቀረው ቀረብኝ። ሰብለ ሰዓቷን አየች። ከኋላዬ አንድ ሰው ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውር ወለሉ ጮኸ። እዚያ ቆመው ያሉት ሽማግሌዎች ቁርስ እንኳ አልበሉም። አለቅሳለሁ ብዬ ፈራሁ።

ያን ጊዜ ሸህ እንድሪስ ዱዓ ጀመሩ። ወሎ ውስጥ ነገር ሲጠብ ዱዓ ነው፣ ፈቃድ አይጠየቅም።

«ያ ረቢ» አሉ፣ ድምፃቸው ከዕድሜያቸው ይበልጣል። «ከፊት ስንት በር እንዳለ አንተ ታውቃለህ። እኛ አናውቅም፤ አንቆጥርም። እሱን ሁሉ እንዳለ ላንተ ትተናል። እኛ የምንለምንህ የመጨረሻዋን ነገር ብቻ ነው።»

«አሚን» አሉ ሁሉም፣ ጋሽ አራጋውም አባዬም።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ሰብለ።

«ጎረቤት ነው» አልኩ፤ ጣቴ ግን ቀድሞኝ መጻፍ ጀምሯል። ፓይተን ውስጥ ለዚሁ የተሠራ ምልክት አለ፣ ሦስት ነጥብ። በቅንፉ ውስጥ መጀመሪያ ላይ ሦስት ነጥብ ካስቀመጣችሁ «ከፊት ያለው ስንትም ይሁን ስንት፣ አትቁጠረው፣ እንዳለ ተወው» ማለት ነው። ከዚያ ኮማ፣ ከዚያ ከመጨረሻው አቅጣጫ የምትፈልጉት ቁራጭ። ያ ሁሉ «ከሆነ» ተሰረዘና ኮዴ አንዲት መስመር ሆነ። ገጽ ሰጠችው፣ የቀኝ ጠርዝ። መጽሐፍ፣ የቀኝ ጠርዝ። ክፍል ሙሉ መደርደሪያ ሰጠችው፣ የቀኝ ጠርዝ።

«ጥሩ» አለች ሰብለ። «አንድ ይቀራል።»

ይህን ጊዜ እማዬ ታስበው የነበረውን ሥራዋን ጀምራለች። እማዬ ኑረዲንን አንድ ጊዜ ገበያ ላይ አይታው ዕቃዋን ተሸክሞላት ነበርና ጉዳዩ ለእሷ አልቋል። አባዬ ሳያያት ከጓዳ ወንበር እያመጣች ከየሽማግሌው ጉልበት ኋላ ታስጠጋለች፤ ጉልበት ሲከዳ ወንበር እንዲያገኝ። አራተኛውን ስትገፋ የወንበሩ እግር የአንሶላውን ጫፍ ረገጠው። አንሶላው ከቁም ሳጥኑ ተነቀለና እንዳለ ወረደ።

ሰብለ ስክሪኗ ላይ ያየችውን አስቡት። እኔ፣ ከኋላዬ አራት ሽማግሌዎች በጥምጥምና በኮፍያ፣ በከዘራ ቆመው፣ አንድ ሰው ሜትር በአንገቱ፣ አንዲት ሴት ወንበር ታቅፋ።

«ሀያት» አለች ቀስ ብላ። «እነማን ናቸው?»

ከዚህ በኋላ ምን ይዋሻል? «ሽማግሌዎች ናቸው» አልኩ። «ለጋብቻ ነው የመጡት። ሥራ ካልያዝኩ አባዬ አይድረኝም። እስኪታወቅ ድረስ አይቀመጡም።»

ሰብለ አፏን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገች። ትልቅ ሰው ቆሞ እሷ መቀመጥ አልሆነላትም መሰለኝ፣ ከወንበሯ ተነሳች። ካሜራዋ ግን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ስለሆነ ከዚያ በኋላ የምናያት ከአንገት በታች ብቻ ነው። የቀረውን ፈተና የፈተነችኝ አንድ ሰማያዊ ሹራብ ነው።

ሸህ እንድሪስ ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አሉ። አርባ ቤት አስታርቀዋል፣ ደም አድርቀዋል ይባላል፤ ኮምፒዩተር ፊት ቆመው ሲያወሩ ግን ያ የመጀመሪያቸው ነው። «ልጄ፣ ደኅና ነሽ ወይ?»

«ደኅና ነኝ አባቴ፣ አልሃም... እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ሹራቡ።

«እኛ ከሩቅ ነው የመጣን። መንገዱም ተዘጋ።»

«አባቴ፣ ሥራ በሽማግሌ አይሰጥም።»

«አውቃለሁ፤ ስጪያት ብዬ አልለምንሽም። ብትሆን ሆነች፣ ባትሆን አልሆነችም በይንና ቁርጡን ንገሪን። አላህ ጉልበትሽን አያሳጣሽ፣ የኛ ጉልበት ግን አርጅቷል።»

ከኀፍረቴ የተነሳ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ያን ያህል ቀን ሥራ ፈልጌ፣ መጨረሻ ላይ «ሥራ በሽማግሌ ያገኘችው» ልባል ነው።

«የመጨረሻውን ጥያቄ ትሥራ» አለች ሰብለ። «ቁርጡን ከሰዓት በኋላ ደውዬ እነግራታለሁ። ሀያት፣ አሁን ሌላ ካሜራ የሚልከው ፎቶ ልስጥሽ። ኮድሽን አስኪጂው።»

አስኬድኩት። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት በራ።

«በራ» አሉ ጋሽ አራጋው። «አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ማለት እለፍ ነው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ነድቻለሁ።» እማዬ ወንበሩን ጥላ እልልታዋን ለቀቀችው። ጎረቤት ምን እንደሆነ ሳያውቅ በግድግዳው ማዶ ተቀበላት። ሸህ እንድሪስ «አልሃምዱሊላህ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አባዬም ፊቱ ሲበራ አየሁት።

እኔ ግን የውጤቱን መጠን አየሁ። አይኔን አሽቼ ደግሜ አየሁት።

ፎቶው እንደ ቀደሙት ጥቁርና ነጭ ሳይሆን የቀለም ፎቶ ነበር። የቀለም ፎቶ እያንዳንዱ ነጥቡ አንድ ቁጥር አይደለም፣ ቀይ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚሉ ሦስት ቁጥሮች ነው። ያ ደግሞ ከፊት ሳይሆን ከኋላ የተጨመረ አቅጣጫ ነው። እኔ የመጨረሻውን ቁረጥ ስል ስፋቱ መጨረሻ አልነበረም፤ መጨረሻ ላይ ያሉት ሦስቱ ቀለሞች ናቸው። ፓይተን ከሦስት ነገር ላይ የመጨረሻዎቹን ሃምሳ ስጠኝ ሲሉት «የለኝም» አይልም። ያለውን ሦስቱን ይሰጥና ዝም ይላል። ጠርዙን ቁረጥ ብየው ጨርቁን በሙሉ አስረክቦኛል፣ ሳያጉረመርም።

የማሰቢያ ጊዜ ነበረኝ፤ እልልታው ረጅም ነው። ዝም ብል ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ ዛሬም አስባለሁ። አረንጓዴው በርቷል። አባዬ አፉን ሊከፍት ነው፣ የምትወጣው ቃል የትኛዋ እንደሆነች አውቃለሁ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከአፉ ትውጣ ብዬ የለመንኳት ቃል ናት። ኑረዲን በጋሽ አራጋው ኪስ ውስጥ እየደወለ ነው።

«ቆይ» አልኩ። «ተሳስቷል።»

እልልታው መሃል ላይ ተቆረጠ።

«አንቺ ልጅ» አሉ ጋሽ አራጋው፣ «አረንጓዴ ነው እኮ።»

«አረንጓዴው ሳይወድቅ ጨረሰ ነው የሚል። ትክክል ነው አይልም። ጠርዙን መቁረጥ ሲገባው ጨርቁን በሙሉ ነው ያመጣው።» ወደ ሰማያዊው ሹራብ ዞርኩ። «ሰብለ፣ ይሄ ፋብሪካ ቢገባ ጨርቁ መሃል ላይ ያለውን የአበባ ጥለት ሁሉ የጠርዝ እንከን ነው ይላል። ጥፋቱ የሚላከከው ማሽኑ ላይ በቆሙት ሴቶች ነው።»

እማዬ ቀስ ብላ ወንበሩን አነሳችውና እንደ ልጅ አቀፈችው፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነው፣ ምን ነካሽ የሚል ዓይን።

አባዬ ከበሩ አጠገብ ወደ እኔ መጣ። ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ። «ባትናገሪ ያውቁ ነበር?» አለኝ።

«ዛሬ አያውቁም።»

«አንቺ ብቻ ነሽ ያየሽው?»

«እኔ ብቻ።»

ሜትሩን ከአንገቱ ፈቶ በእጁ ጠቀለለው። ሲሰፋ እንኳ ያን ያህል ተጠንቅቆ አይጠቀልለውም። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ «ተቀመጡ» አለ።

ማንም አልተቀመጠም። ጆሯቸውን አላመኑትም።

«ይማም፣ ምን አልክ?» አሉ ሸህ እንድሪስ።

«ተቀመጡ አልኩ።»

«ሥራውሳ? ቃልህሳ?»

«ሥራውን እሷ ትጨርሰው» አለ አባዬ። «እኔ የፈራሁት ሥራ ማጣቷን አልነበረም። ሰው ቤት ገብታ አፏ እንዳይዘጋ ነው የፈራሁ። ቤት ሙሉ ሰው እልል እያለላት ‹ተሳስቷል› ያለች ልጅ የትም ብትገባ አትጠፋም።»

እማዬ ያቀፈችውን ወንበር አስጠጋችና አራት ወንበር በአንድ ጊዜ ጮኸ። ሸህ እንድሪስ ሲቀመጡ የለቀቁት ትንፋሽ እስከዛሬ ይሰማኛል። እኔ ፊቴን በላፕቶፑ ከልዬ አለቀስኩ፣ ይህንም ደብቄ ምን ይጠቅመኛል።

ከላፕቶፑ ውስጥ ድምፅ መጣ። «እኔስ ልቀመጥ?»

«ተቀመጪ ልጄ፣ አብሽሪ» አሉ ሸህ እንድሪስ፣ ሰብለም ጭንቅላቷ ተመልሶ መጣ። ዓይኗ ቀልቷል።

ፈተናው ግን አላለቀም ነበር። አፍንጫዬን ጠረግሁና ጠየቅኋት፤ «ፎቶው ቀለም እንዳለው ኮዴ በምን ያውቃል?»

«ከቁጥሮቹ ብቻ ማወቅ አይችልም።»

«እንግዲያው መገመት የለበትም። ስንት አቅጣጫ እንዳለው ባልጠይቅም ግድ የለም፤ ስፋቱ የትኛው እንደሆነ ግን ፎቶውን የሚልከው አብሮ ይንገረኝ። ካልነገረኝ ይቁም፣ አረንጓዴ አያብራ።»

«ጻፊው» አለች። ጻፍኩት። ከኋላዬ ሳህን ሲንቋቋ፣ ጋሽ አራጋው ለኑረዲን በስልክ «አባትየው በአፉ ተቀመጡ አለ፤ ልጅቱ ግን አሁንም ትቆርጣለች» ሲሉት እየሰማሁ ጻፍኩት።

ይኸው እንግዲህ። ዛሬ ኮምቦልቻ ነው የምንኖረው። እኔ እዚያችው ድርጅት እሠራለሁ፤ አዲስ ሰው ሲፈተን ያን የቀለም ፎቶ አንዳንዴ እኔ ነኝ የምልከው። አረንጓዴው ሲበራ ዓይኑ የት እንደሚሄድ አያለሁ። ከዚያ ቀን በፊት ለእኔ ሥራ ማለት አረንጓዴ ማብራት ነበር፣ ጋብቻም እንደዚያው፤ ሰው እልል ካለ አለቀ። አሁን ሰው ሁሉ ሲደሰት አንድ ጊዜ ዞር ብዬ የማየት አመል አድሮብኛል፣ ኑረዲን ይህ አመል ምግቡ ላይም መጣብኝ ይላል። ጨው ሲበዛ እነግረዋለኋ።

እናንተም ይህን ለመረዳት ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልጋችሁም። ከፊታችሁ ያለው ነገር ስንት ድርብ እንደሆነ ሁሉን ቆጥራችሁ አትጨርሱትም፤ ተዉት። የምትቆርጡት የትኛውን እንደሆነ ግን ሳትጠይቁ መቀስ አታንሱ።

አሁን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ሸህ እንድሪስ በየሰርጉ ይህን ታሪክ ያወራሉ፤ «በዱዓችን ሥራ አስገባናት፣ ሥራ ስትይዝ አባቷ ሰጠን» ነው የሚሉት። በዱዓው አልከራከርም፣ ሦስቱን ነጥብ ያስታወሱኝ እሳቸው ናቸው። ቅደም ተከተሉን ግን ስትሰሙ አርሙልኝ። ሰብለ ደውላ «ሰኞ ጀምሪ» ያለችኝ ከሰዓት በኋላ ነው። አባዬ «ተቀመጡ» ያለው ጠዋት ነው።